ቢላ፣ ጊሌና ጎራዴ ከወሎ ወደ ውጭ አገር ለመላክ

ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛ ጊሌ (የአፋር ጎባጣ ጩቤ)፣ ከአያት የተወረሰ ጎራዴ፣ ለአረፋ ወይም ለመስቀል ለዘመድ የሚላክ የሥጋ ካራ፤ ካርቶን ውስጥ ሲገቡ ሦስቱም ያው ብረት ይመስላሉ። ጉምሩክ ፊት ግን ይለያያሉ። ካራው የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ጊሌው በብዙ አገር በጦር መሣሪያ ተራ ይመደባል። ጎራዴው ደግሞ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ጭራሽ ከቤት ባይወጣ ይሻላል።

ብዙ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ቀጥታ ወደ ፖስታ ቤት ወይም ወደ ኩሪየር ቢሮ ይሄድና «ይሄዳል ወይ?» ይላል። «ይሄዳል» ከተባለ ደስ ብሎት ይመለሳል። ያ መልስ የሚከፍተው የመጀመሪያውን በር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ጉምሩክ አለ፣ ዕቃው የሚያልፍበት አገር አለ፣ የሚያርፍበት አገር አለ። ሥራው መጀመር ያለበት ከመጨረሻው በር፣ ማለትም ተቀባዩ ካለበት አገር ሕግ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እየመጡ ወረቀቱን ማሟላት፤ ማሸጉ የመጨረሻ ነው።

አስቀድሞ ከዝርዝሩ የሚወጣው

ጠመንጃ፣ ሽጉጥና ጥይት በግለሰብ እጅ በኩሪየር አይላኩም። «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» የሚለው ምክንያት አይሠራም፤ ውጅግራም ሆነ ምንሽር፣ ምላጩ ቢሰበርም ሰደፉ ቢበላም፣ ለኩሪየሩ ጠመንጃ ነው። ዲኤችኤል ሙሉ የጦር መሣሪያን፣ ጥይትን፣ ፈንጂን፣ የአየር ጠመንጃን፣ እንዲያውም አምሳያ የሆነውን የውሸት መሣሪያ ጭምር በፍጹም ከማይቀበላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በአገር ውስጥም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትንም ማስወጣትንም ይከለክላል።

ሰው የሚሳሳተው በትንንሾቹ ነው። ባዶ የመድፍ ቀለህ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ቢወለወልም፣ የመከነ የእጅ ቦምብ ቁልፍ መያዣ ቢደረግም፣ የዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት ፈንጂ የሌለበትን ወታደራዊ ተተኳሽና አምሳያውን ሳይቀር ከፖስታ አግዷል። የቆዳ ዝናር ለብቻው ችግር የለበትም፤ ግን እያንዳንዱን ኪስ በጣት ፈትሹ፣ አንዲት የተረሳች ጥይት ሙሉውን ጭነት ታስቆማለች፣ ላኪውንም ፖሊስ ፊት ታቆማለች። የልጆች ሽጉጥ መጫወቻ፣ የበርበሬ መርጫ፣ ጋዝ ያለበት ላይተርም ከቢላው ጋር በአንድ ካርቶን እንዳይገቡ።

ዕቃውን ማየትና መለካት

ተቆጣጣሪው የሚያየው የላኪውን ሐሳብ ሳይሆን የዕቃውን ቅርጽ ነው። ስለዚህ ከምንም በፊት ሜትርና ስልክ ይያዙና አምስት ነገር ይመዝግቡ።

1. አከፋፈቱ። ስለቱ እንደ ቆመ የሚቀር ነው ወይስ የሚታጠፍ? የሚታጠፍ ከሆነ በጥፍር ተስቦ ነው የሚወጣው ወይስ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ተፈናጥሮ? በሜርካቶም ሆነ በደሴ ሱቆች «ሰንጢ» ተብሎ የሚሸጠው ሁለቱም ዓይነት ነው፤ ተፈናጣሪው ግን በብዙ አገር ክልክል ነው።

2. ስለቱ በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለት? የአፋር ጊሌ ጎበጥ ያለና በሁለቱም ወገን የተሳለ ነው። ይቺ አንዲት ነገር ከ«ቢላ» ወደ «ጩቤ» ታሻግረዋለች።

3. ርዝመቱ። ከእጀታው አፍ እስከ ጫፉ በቀጥታ ይለኩ። ጥምዝ ስለት ላይ ሜትሩን ከኩርባው ጋር ማስጎንበስ ስሕተት ነው። ሾተል በኩርባው ላይ ሲለካና በቀጥታ መስመር ሲለካ ልዩነቱ በጣም ብዙ ነው፤ የእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ የሚጠይቀው ቀጥታውን ነው።

4. እጀታው፣ ሰገባው፣ ጌጡ ከምንድን ነው የተሠራው? እንጨት፣ የበሬ ቀንድ፣ የአውራሪስ ቀንድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ፣ ብር፣ ነሐስ።

5. ዕድሜው። አዲስ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ወይስ አዲስ ሆኖ ያረጀ እንዲመስል የተሠራ?

ከዚያ ፎቶ ያንሱ፦ ሙሉ ዕቃውን ከሜትር ጋር፣ ስለቱን ከሰገባው ውጭ፣ የእጀታውን ጫፍ በቅርበት፣ በብረቱ ላይ ጽሑፍ ወይም ማኅተም ካለ እሱን። ፎቶዎቹ አንድ ጊዜ ከተነሡ ለተቀባዩም፣ ለቅርስ ባለሥልጣንም፣ ለኩሪየሩም ያገለግላሉ።

የታሪፍ ቁጥሩ

ዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ ስድስት አኃዝ አለው፤ በሁሉም አገር አንድ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት በአየር በኩሪየር ለሚገባ ዕቃ ከመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ቁጥር ዕቃው እዚያ ከመድረሱ በፊት በኮምፒውተር መላክ ግዴታ ሆኗል። ጠቃሚዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- የገበታ ቢላ፣ ስለቱ የማይታጠፍ፦ 8211.91
- የወጥ ቤት ቢላ፣ ካራ፣ የሥጋ ቢላና ሌላ የማይታጠፍ፦ 8211.92
- የሚታጠፍ ቢላ፦ 8211.93
- መጥረቢያ፣ ምሳርና ገጀራ መሰል መቁረጫ፦ 8201.40
- ማጭድ፦ 8201.90
- ጎራዴ፣ ሾተል፣ ሳንጃ፣ ጦር፣ እንዲሁም ሰገባቸው፦ 9307.00
- ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ጥንታዊ ዕቃ፦ 9706 (ከ250 ዓመት በላይ ከሆነ 9706.10፣ ከዚያ በታች 9706.90)

ጎራዴን «ለጌጥ» ብሎ በ8211 ማስገባት የተለመደ ብልጠት ነው፤ ኤክስሬይ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ብረት ሲታይ ግን ብልጠቱ የሐሰት መግለጫ ይሆናል። በ9307 የሄደ ጎራዴ ጥያቄ ይጠየቅበታል፣ ቢዘገይም መልስ ካለው ያልፋል። በውሸት ስም የሄደው ግን ሕጉ የሚፈቅደው ሆኖ ሳለ ሊወረስ ይችላል።

ጊሌ መካከል ላይ ነው ያለው። ከ9307 ይልቅ በ8211.92 የሚያስገቡት አሉ፤ ለተቀባዩ አገር ጉምሩክ ፎቶና ልኬት ልኮ ማስወሰን ከሁሉም ይሻላል።

የተቀባዩ አገር ምን ይላል?

ተራ የወጥ ቤት ቢላ ብዙ ቦታ ያለ ችግር ይገባል። ከዚያ ወጣ ሲል ግን አገር ከአገር ይለያያል።

እንግሊዝ ጥብቅ ናት። ተፈናጣሪ ቢላ፣ «ቢራቢሮ» የሚባለው ሁለት ክንፍ ያለው ቢላ፣ በጭብጥ ተይዞ የሚወጋ ጩቤ፣ ከዘራ ውስጥ የተደበቀ ጎራዴ አይገቡም። ጎባጣ ስለት ያለው፣ ርዝመቱ በቀጥታ ሲለካ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጎራዴም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። የእኛ ሾተልና ብዙው ጎራዴ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። መውጫው ሦስት ነው፦ ከ1954 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መሆኑ፣ በማንኛውም ጊዜ ቢሆን በባህላዊ የእጅ አሠራር የተቀጠቀጠ መሆኑ፣ ወይም ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ጥንታዊ ዕቃ መሆኑ። ይህን የሚያስረዳው ባለዕቃው ነው እንጂ ጉምሩኩ አይደለም። ስለዚህ ቀጥቃጩ በፊርማው «ይህን ጎራዴ በእጄ፣ በወናፍና በመዶሻ ሠራሁት» ብሎ የሚሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት፣ ከተቻለም የሥራው ፎቶ፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አብሮ ይሂድ። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለታቸው ከ8 ኢንች የሚበልጥ፣ ጫፋቸው ሹል፣ በላዩም መጋዝ መሳይ ጥርስ፣ እሾህ ወይም ከአንድ በላይ ቀዳዳ ያለባቸው ገጀራዎች ታግደዋል፤ የገበሬ ተራ ገጀራ ይህ ጌጥ ስለሌለው ከዚህ ውጭ ነው። ተቀባዩ ከ18 ዓመት በላይ መሆኑ በርም ላይ ይጠየቃል።

አሜሪካ በጎራዴና በቆመ ስለት ላይ በፌዴራል ደረጃ ቀለል ያለች ናት። የምትከለክለው ተፈናጣሪውንና መሰሎቹን ነው፤ ሕጉም ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕቃ የሚታሰረው በስለቱ ሳይሆን በእጀታው ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ሌላው፣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ዕድል ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ታግዷልና ተቀባዩ ክፍያ ሊጠየቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይንገሩት። ስጦታ ሲመጣለት ሒሳብ የሚጠየቅ ዘመድ ብዙ ጊዜ «አልቀበልም» ይላል፤ ያኔ የመመለሻው ሒሳብ ወደ ደሴ ይመጣል።

ካናዳ በተፈናጣሪና በእጅ ንቅናቄ ብቻ በሚከፈት ቢላ ላይ ምሕረት የላትም። ሰንጢው ጠበቅ ያለ ይሁን የላላ ተቆጣጣሪው በእጁ ወዝውዞ ይሞክረዋል፤ መጋጠሚያው በእርጅና የላላ አሮጌ ሰንጢ በዚህ ብቻ ሊያዝ ይችላል። ጀርመን የጭብጥ ጩቤንና ቢራቢሮን ስትከለክል፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ተፈናጣሪውንም ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በስተቀር ጨምራለች፤ ጎራዴና ጩቤ ለመያዝ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። አውስትራሊያ በሁለት ወገን የተሳለ ጩቤ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አታስገባም። ጊሌ ለአውስትራሊያ የሚልክ ሰው ተቀባዩ እዚያ ፖሊስ ዘንድ ወረቀቱን ሳይጨርስ ካርቶን መግዛትም የለበትም።

ከወሎ የሚላከው ብዙ ዕቃ መድረሻው ዓረብ አገር ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ብዙውን ጊዜ በአሠሪ ቤት ወይም በድርጅት አድራሻ ስለሚቀበል ስለት ያለው ነገር በስሙ መምጣቱ ራሱ ጣጣ ሊያመጣበት ይችላል። ለቤት ውስጥ ሠራተኛ ጊሌም ሆነ ጩቤ አይላክ፤ ይህ የሕግ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልጅቷ ደኅንነት ነው። ተራ ቢላ ከሆነ ለሳዑዲ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቁጥር፣ ለኢምሬትስ የመታወቂያ ቁጥር ከተቀባዩ ይያዙ፤ ያለሱ ጉምሩክ ላይ ይቆማል።

የሚያልፍበት አገርም አይረሳ። ዲኤችኤል በአውሮፓ ትልቁ መናኸሪያው ጀርመን ላይፕዚግ ነው፤ አሜሪካ የሚፈቀድ ዕቃ እዚያ ሲያልፍ በጀርመን ዓይን ሊታይ ይችላል። የኩሪየሩን ቢሮ ስለ መተላለፊያው መጠየቅ አያሳፍርም።

እጀታው

የድሮ ጎራዴዎቻችን ብዙዎቹ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ አላቸው። ስለቱ ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጣ፣ እጀታና ሰገባው እዚህ የተሠራ ጎራዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት፣ ሳይቲስን፣ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀብላለች። አውራሪስ በዚያ ስምምነት አንደኛ አባሪ ውስጥ፣ ማለትም በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ አለ። ዕቃው የ100 ዓመት ቢሆን እንኳ ከሁለቱም አገር የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ወረቀት ሳይያዝ አይንቀሳቀስም፤ ኩሪየሮችም የዱር እንስሳት ክፍልን አይወስዱም።

ቀንዱ የምን እንደሆነ መለየት በቤት ይጀመራል። የበሬ ቀንድ ከውስጥ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ለእጀታ ሲሠራ ወይ ሁለት ሳንቃ ሆኖ በሚስማር ይያያዛል፣ ወይ ከድፍኑ ጫፉ ይወሰዳል። በጎኑ ሲያዩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነባበረ ነው። የአውራሪስ ቀንድ ድፍን ነው፤ ከጥቅል ፀጉር የተሠራ ይመስላል። የእጀታውን ጫፍ ወልወል አድርገው በአጉሊ መነጽር ቢያዩ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ የተቆረጠ ፀጉር ይታያል፤ በጎኑ ደግሞ እነዚያው ፀጉሮች ቀጭን ትይዩ መስመር ይሆናሉ። ጠርዙን በባትሪ ከኋላው ቢያበሩበት ማር የመሰለ ቀለም ያሳያል። የዝሆን ጥርስ ደግሞ በተቆረጠው ወገን እርስ በርሱ የሚቋረጥ ጥልፍልፍ መስመር አለው፤ አጥንት ላይ ያ የለም፣ በምትኩ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ጥርጣሬ ካለ አይላክ። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ ማሳየት ይቻላል። እጀታውን አውልቆ በእንጨት ለውጦ ስለቱን ብቻ መላክ የሚመክሩ አሉ፤ የአባት ጎራዴ እንዲያ ከሚጎድል እዚሁ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይሻላል።

ጋሻ ካለ እሱም እንደዚያው ነው። ጋሻ የሚሠራው ከጎሽ፣ ከጉማሬ፣ አንዳንዴም ከአውራሪስ ቆዳ ነው፤ ጉማሬም በስምምነቱ ሁለተኛ አባሪ ውስጥ አለ።

እጀታው የበሬ ወይም የላም ቀንድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። መግለጫው ላይ «ቀንድ» ብቻ ብሎ መጻፍ የአሜሪካ የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪዎችን ይጠራል። «የቤት እንስሳ የሆነ የበሬ ቀንድ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፣ ሳይንሳዊ ስሙም ይጨመር፦ ለአገራችን ሻኛ ያለው ከብት ቦስ ኢንዲከስ። አፎቱ የፍየል ቆዳ ከሆነ የፍየል መሆኑ ይጻፍ። ፀጉሩ ያልተላገ ቆዳ፣ ልጣጩ ያልተነሣ እንጨት፣ ነቀዝ የበላው እጀታ፣ ጭቃና የደረቀ ደም በተለይ አውስትራሊያ ላይ ዕቃውን ያስቃጥላሉ።

የቅርስ ወረቀት

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። መቅደላ ላይ በ1868 እ.ኤ.አ. ከተዘረፈው ብዙው እስከ ዛሬ በውጭ ሙዚየም እንዳለ የሚያውቅ የወሎ ሰው ለምን እንደተጠበቀ አይጠይቅም። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሕጉ አሮጌውን ዕቃ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ጉምሩክ ላይ ያለው ሠራተኛ አሮጌውን ከአዲሱ በዓይኑ ስለማይለይ አርጅቶ የሚመስል አዲስ ዕቃም «ቅርስ አይደለም» የሚል ማረጋገጫ ይጠየቅበታል።

ማረጋገጫውን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው፤ ዕቃውን በአካል ያያል። ስለዚህ ጎራዴ፣ አሮጌ ጊሌ፣ ጦርና ጋሻ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ መስኮት ቀጥታ ከመላክ ይልቅ አዲስ አበባ የሚሄድ የታመነ ሰው ይዞት ሄዶ እዚያ ወረቀቱን አስጨርሶ እዚያው ቢልከው ጊዜ ያተርፋል። የዓለም አቀፍ ፖስታው ለማንኛውም በአዲስ አበባ በኩል ነው የሚወጣው። አዲስ መሆኑ በግልጽ የሚታይ፣ የገበያ ቢላ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ የሱቁን ደረሰኝ መያዝ በቂ ነው።

ተቀባዩ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሆነና ዕቃው ከ200 ዓመት በላይ፣ ዋጋውም 18,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከሆነ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አስመጪው ዕቃው ከአገሩ በሕግ መውጣቱን የሚገልጽ መግለጫ ያስገባል። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ጎራዴ በካርቶን የሚልክ ጥቂት ነው፤ ካለ ግን በጠበቃ ይሂድ።

መግለጫውና ደረሰኙ

በፖስታ ሲሆን የጉምሩክ መግለጫ ቅጹን (ለጥቅል ሲኤን 23) ይሞላሉ። በኩሪየር ሲሆን የአየር ማጓጓዣ ሰነዱ ላይ የዋጋ ደረሰኝ በሦስት ቅጂ ይያያዛል። ዕቃው ባይሸጥም፣ ስጦታም ቢሆን፣ የዋጋ ደረሰኝ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ይዘቱ እንዲህ ነው፦

«አዲስ የወጥ ቤት ቢላ፣ ስለቱ የማይታጠፍ፣ በአንድ ወገን የተሳለ፤ የስለት ርዝመት 20 ሴንቲ ሜትር፤ ብረት፣ እጀታው እንጨት፤ ብዛት 3፤ የተሠራበት አገር ኢትዮጵያ፤ የታሪፍ ቁጥር 8211.92፤ የአንዱ ዋጋ … ዶላር፤ ለግል ስጦታ»

«ስጦታ»፣ «የባህል ዕቃ»፣ «የግል ዕቃ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ካርቶን ይከፈታል። ዋጋውን አንድ ዶላር ማለትም እንደዚሁ፤ ተቆጣጣሪው ካላመነ ራሱ ይገምታል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ዕቃው ቢጠፋ ደግሞ ካሣው በጻፉት አንድ ዶላር ነው። ስለቱ ላይ የዞሊንገን ማኅተም ያለበት ጎራዴ ከሆነ «ስለቱ ጀርመን፣ እጀታና ሰገባው ኢትዮጵያ» ብለው ይጻፉ፤ ማኅተሙን አይቶ የተሠራበት አገር በሐሰት ተጻፈ የሚል አይጠፋም።

በየወሩ 20፣ 30 ቢላ ለውጭ ደንበኛ የሚልክ ቀጥቃጭ ወይም ነጋዴ ደግሞ በስጦታ ስም መቀጠል አይችልም። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና በባንክ በኩል የሚወጣ የወጪ ንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ማሸግ

ማሸግ ሁለት ዓላማ አለው፦ ስለቱ የሠራተኛውን እጅ እንዳይነካ፣ ዕቃውም ተከፍቶ ሲታይ በቀላሉ ተመልሶ እንዲታሸግ። ሁለተኛውን የሚያስታውስ የለም።

- ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና ቀለል ያለ የማሽን ዘይት ይቀቡ፤ በጣት ሲነኩት የሚያረጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። የምግብ ዘይት ይሸታል፣ ይሙለጨለጫል።
- ረጅም ጉዞ ላይ ስለቱን የቆዳ አፎት ውስጥ አይተዉት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ያለፋበት ጨውና መድኃኒትም ብረቱን ያዝገዋል። ስለቱ ለብቻ፣ አፎቱ አጠገቡ።
- ድርብ ካርቶን በሁለት ቁራጭ ይቁረጡ፤ ስፋቱ ከስለቱ ግራና ቀኝ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ይለፍ። ስለቱን መካከል አድርገው ሁለቱን ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር ያጣብቁ፤ ጫፉ ጋ ትርፉን ወደ ኋላ አጥፈው እንደገና ይጠቅልሉት። ፕላስተሩ ብረቱን ራሱ እንዳይነካ፣ ሲላጥ ቀለም ያነሣል።
- ብዙ ቢላ ከሆነ እያንዳንዱ ለየብቻው ይጠቅለል፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ፊቱን አዙሮ ይታሰር።
- ውጭኛው ካርቶን ጠንካራ ይሁን። ከሞላ በኋላ አንሥተው ያናውጡት፤ ውስጡ ድምፅ ካለ ወረቀት ይጨመር።

ጦር ከሆነ ብረቱን ከሶማያው፣ ማለትም ከእንጨት ዘንጉ፣ ይለዩ። ሶማያ ከ1.5 ሜትር ሲበልጥ የፈጣን ፖስታው የርዝመት ገደብ ያልፋል፤ ደግሞ እንጨት እዚያም ይገኛል። ብረቱን ብቻ መላክ ብልኅነት ነው። ለረጅም ስለት የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ጥሩ መያዣ ነው፤ ግን ሁለቱን አፍ በማጣበቂያ አይድፈኑት። በኤክስሬይ ሲታይ የተደፈነ ቧንቧ ውስጥ ብረት ማየት ማንንም ያስደነግጣል፤ ክዳኑ በእጅ የሚዞር ይሁን።

የክብደቱ ሒሳብ ብዙ ሰው ያስገርማል። ኩሪየር ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትን በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ5,000 ያካፍላል፤ ከሚዛኑ ክብደት የበለጠው ይከፈልበታል። 110 በ15 በ12 የሆነ ሣጥን 19,800 ይመጣል፣ ለ5,000 ሲካፈል 3.96፤ ጎራዴው ራሱ 1 ኪሎ ቢመዝንም የሚከፈለው የ4 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሣጥኑን አጥብበው ይሥሩ።

ከቢላው ጋር በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቅቤ ወይም ቋንጣ አይጨምሩ። የእናት እጅ ባዶ አይልክም፤ ይገባል። ነገር ግን አሜሪካ ለሚገባ ምግብ የቅድሚያ ማስታወቂያ ትጠይቃለች፣ የሥጋና የወተት ውጤት ደግሞ ወደ አውሮፓ ኅብረት በፖስታ አይገባም፤ ቋንጣው ሲያዝ ቢላውም አብሮ ይያዛል። በርበሬ ውስጥ የተቀበረ ቢላ ደግሞ ላኪው ቦታ ለመቆጠብ ቢያደርገውም ለተቆጣጣሪው መደበቅ ነው። ሁለት ካርቶን ይሁን።

መስኮቱ ላይና ከዚያ በኋላ

ካርቶኑን አሽገው አይሂዱ። ሠራተኛው ፊት ተከፍቶ ይታያል፣ ከዚያ ይታሸጋል፤ መቀስና ፕላስተር ይዘው ይሂዱ። መታወቂያ፣ የዋጋ ደረሰኝ፣ ፎቶዎች፣ የሚያስፈልግ ከሆነ የቅርስ ማረጋገጫው በአንድ ፌስታል ውስጥ ይሁኑ፤ ዋናውን ከዕቃው ጋር፣ ቅጂውን ለራስ። የተቀባዩ ስልክና ኢሜይል መሟላቱን ያረጋግጡ። ኩሪየሩ ዕቃውን እንደሚቀበል በቃል ሳይሆን በኢሜይል ወይም በጽሑፍ መልእክት ያስጽፉ፤ የመስኮቱ ሠራተኛ የፈቀደውን የማጣሪያው ሠራተኛ ሊመልሰው ይችላል።

ተቀባዩ ካልተቀበለ ምን ይደረግ የሚለው ሣጥን ቅጹ ላይ አለ፤ ባዶ አይተዉት። ለተራ ቢላ «ይወገድ» ብሎ መምረጥ ከመመለሻ ሒሳብ ያድናል። ለውርስ ዕቃ ግን «ይመለስ» ነው።

ጉምሩክ ዕቃውን ካገተ ለተቀባዩ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ደብዳቤው ቀነ ገደብ አለው። በዚያ ቀን ውስጥ ፎቶ፣ ልኬት፣ የቀጥቃጩ ወረቀትና የቅርስ ማረጋገጫው ይላኩ። ዝምታ እንደ መተው ይቆጠራል፣ ዕቃው ይወረሳል ወይም ይቀለጣል። ገንዘብ በግል ስልክ ወይም በግል የባንክ ሒሳብ ላኩ የሚል መልእክት ከመጣ አይመልሱለት፤ በመከታተያ ቁጥሩ በኩሪየሩ ገጽ ላይ ይዩ።

ወደዚያው አገር የሚሄድ መንገደኛ ካለ በእጁ መላክ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ዕቃው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ ስለቱ ከላይ እንደተባለው ተጠቅልሎ ይግባ፤ በእጅ ሻንጣ ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ ላለው አጭር በረራም አይፈቀድም። የመድረሻው አገር ሕግ፣ የቅርስ ማረጋገጫውና የእጀታው ጉዳይ ግን ለመንገደኛውም ያው ናቸው፤ ወረቀቱ በሻንጣው ሳይሆን በኪሱ ይሁን፣ ምን እንደያዘም ከመነሣቱ በፊት ከፍቶ ይየው።